የጋሼ እህም ጉሮሮ

ጋሼ እህም ፈሪ ሰው ነው። ይህን ማለት ስሙን ማጥፋት አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። ሚኒባሱን ከማስነሳቱ በፊት ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ ይመታል፣ ፍሬን ይረግጣል፣ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ዘይት አለመንጠባጠቡን ያያል፣ ከዚያ ተመልሶ ገብቶ ፍሬኑን እንደገና ይረግጣል። ሚስቱ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ፍሬኑን እኮ አሰለቸኸው" ትለዋለች። ቁልቁለት ላይ ሌላ መኪና ተክለፍልፎ ቢቀድመው አይናደድም። "ይቅደም፣ ሐኪም ቤትም ይቀድመኛል" ይልና መስመሩን ይዞ ይወርዳል። ውሻ ይፈራል፣ መብረቅ ይፈራል፣ ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ ሁሉ ይፈራል። ከሁሉም የባሰበት ግን ጫካ ነው።

መከራው ደግሞ መተዳደሪያው ከጫካ ጋር መያያዙ ነው። በከተማው ውስጥ እሁድ እሁድ ጫካ ለጫካ የሚዞር የእግር ተጓዦች ማኅበር አለ። ጠዋት ነዳጅ ማደያው አጠገብ ይሰበሰባሉ፣ እሱ ጭኗቸው ጫካው አፍ ያደርሳቸዋል፣ ወደ ማታ መልሶ ያመጣቸዋል። እነሱ ሲገቡ እሱ መስኮቱን ዘግቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ራዲዮኑን ከፍቶ ይጠብቃል። ሽንቱ ቢመጣ እንኳ ከመኪናው ጥላ አያልፍም። "ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ አብረውን አይገቡም?" ሲሉት፣ "እኔ ከገባሁ መኪናውን ማን ይፈራለታል?" ይላል። እነሱም ስቀው ይገባሉ።

ማኅበርተኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የጫማ ቤት ባለቤት አለ፣ ሁሉም "ሲስተር" የሚላት የሆስፒታል ነርስ አለች፣ ሌሎችም አሉ፤ ብቻ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ሰው እሁድ ጀግና መሆን ያምረዋል። ስለዚህ ወደ ቤት ሲመለሱ ወሬው ይጀመራል። ጫካው ጫፍ ላይ ቁጥቋጦ ያነቃነቀው ነገር መጀመሪያው ኩርባ ላይ ቀበሮ ይሆናል፣ ወፍጮ ቤቱን ሲያልፉ ጅብ፣ የከተማው መብራት ሲታይ ነብር ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን የሚጠብቅ ሕግም ነበራቸው፤ መኪናው ውስጥ የተነገረ ታሪክ አይጠየቅም። "እውነት?" ያለ ሰው ከተማው መግቢያ ካለው ድልድይ ላይ ይወርድና ዳገቱን እስከ ማደያው በእግሩ ይወጣዋል። የጫማ ቤቱ ባለቤት አንዴ "ነብር በቀን?" ብሎ በዝናብ ወጥቶታል፤ ከዚያ ወዲህ አፉን ለብስኩት እንጂ ለጥያቄ አይከፍትም።

ሹፌር ግን አይወርድም። እሱ ከወረደ ሁሉም መውረዱ ነው። ስለዚህ በዚያ መኪና ውስጥ የመጠራጠር መብት የቀረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም በአፉ ሳይሆን በጉሮሮው ነበር የሚጠቀምበት። ታሪኩ ከልኩ ሲያልፍ፣ መሪውን እንደያዘ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "እህም" ይላል። በቃ፣ መኪናው በሳቅ ይሞላል። ተራኪውም ጭንቅላቱን እያከከ "እሺ፣ ነብር እንኳ ባይሆን ትልቅ ድመት ነገር ነው" ብሎ ይቀንሳል። ስሙ የወጣለት በዚህ ነው።

ቤቱ ውስጥ ግን እህም ከመኪናው በፊት የታወቀ ነገር ነው። አንድ ልጁ ትንሽ እያለች "እጄን ታጥቤያለሁ" ስትል፣ እህም። "ዛሬ የቤት ሥራ አልተሰጠንም" ስትል፣ እህም። አይቆጣም፣ አይመታም፤ እህም ካለ ግን ልጅቷ ራሷ ተመልሳ ትታጠባለች። አድጋ መነጽር ቤት ከተቀጠረችም በኋላ፣ ሲኒማ ልጋብዝሽ ያላትን ሰው ወሬ ለአባቷ እየደገመች ጉሮሮውን ታዳምጥ ነበር። እሱ ዝም ካለ ሰውየው ደህና ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አይሞቴ እንምጣ። አይሞቴ የማኅበሩ አለቃ ነው፤ በሥራው የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ፣ ቁመናው ያማረ፣ ምላሱ የጣፈጠ። አንድ ጊዜ በዚያው ጫካ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ጠፍቶ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። በማግስቱ ጋሼ እህም ሊያመጣው ሲሄድ ጫካው አፍ ላይ ቆሞ አገኘው። የሸሚዙ የካውያ መስመር አልጠፋም፣ ስልኩም ኪሱ ውስጥ በሙሉ ድምፁ ይጮሃል። ታሪኩ የመጣው በኋላ ነው። ወንዙን ተከትሎ ወረደ፤ ፏፏቴ አገኘ፤ ከፏፏቴው ጀርባ ዋሻ ነበር፤ ዋሻው ውስጥ ሥር እየበላ፣ ከአለት የሚንጠባጠብ እየጠጣ፣ አውሬ አጠገቡ ተኝቶ አደረ። አንድ ሌሊት የነበረው እየዋለ እያደረ ሳምንት ሆነ። መጨረሻው ሁልጊዜ ምክር ነው፤ "የጠፋ ሰው ውሃ ይከተል። ከፏፏቴው ጀርባ ከገባህ ዝናብም አውሬም አይነካህም።" ጋሼ እህም ይህን መጀመሪያ የሰማ ዕለት፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ከወፍጮ ቤቱ እስከ ማደያው እህም ሲል ነበር።

በሳምንቱ አይሞቴ ለብቻው ጠራው። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ትከሻውን አቀፈው።

"ጋሼ፣ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማይዎት። ግን አዲስ ሰው ፊት እንዲህ ካሳቁብኝ ማን ይከተለኛል? ማኅበሩ ከቀዘቀዘ እርስዎም ሥራ የለዎትም። ደግሞ ትልቅ አውቶቡስ ያለው ሰው ጠይቆናል፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።"

ጋሼ እህም ሥራ መፍታትንም የሚፈራው ከጫካ ባልተናነሰ ነው። ጉሮሮውን ዘጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህም ሲመጣበት ወይ ምራቁን ይውጣል፣ ወይ ያለቦታው ማርሽ ይቀይራል። ለሚስቱም ለልጁም አልነገራቸውም፤ አፈረ። ማኅበርተኞቹ መጀመሪያ ግር አላቸው፣ በኋላ ለመዱት። ታሪኮቹም የሚቀንሳቸው ጠፋና እንደፈለጉ አደጉ።

ልጅቷ ማኅበሩ ውስጥ የገባችው ከዚህ በኋላ ነው። "ቀኑን ሙሉ የሰው መነጽር ስወለውል የራሴ ዓይን ሩቅ ማየት ረሳ" አለች። አባቷ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት እናቷ በር ላይ ክንዱን ይዛ "ይችን ልጅ አደራ። ሌላ የለንም" አለችው።

"እኔ እያለሁ?" አላት። እሱ ግን ያለው መኪናው ውስጥ ነው፤ ልጅቷ የምትገባው ጫካው ውስጥ።

የመጀመሪያ ጉዞዋ ዕለት፣ ሲመለሱ፣ አይሞቴ ለአዲስ ሰው ብሎ ታሪኩን ከነሙሉ ጌጡ አወጣው። ልጅቷ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፏፏቴው ጋ ሲደርስ ጋሼ እህም በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። ልጁም በመስተዋቱ እያየችው ነበር። ተራኪውን አይደለም፣ አባቷን ነው የምታየው። እህም እስከ ምላሱ ሥር መጣ። አይሞቴ ግን እዚያው አጠገቡ፣ የፊት ወንበር ላይ ነው፤ ጉልበቱ ማርሹን ሊነካ ምንም አልቀረው። ጋሼ እህም ማርሽ ቀየረና ዋጠው። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ተራኪው መለሰች፣ አገጯን በእጇ ደግፋም እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ለሱ ቀን አልሆነለትም። ራዲዮ አይከፍትም፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ዛፎቹ ይቀስራል። ቅርንጫፍ ሲሰበር ልቡ ይሰበራል። ወፍ ስትጮህ የልጁ ድምፅ ይመስለዋል። ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ያስገባቸዋል፤ እሷ እስክትመጣ የሌሎቹን ሰላምታ እንኳ በወጉ አይመልስም። ስትመጣ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው "ጫማሽን አራግፊ" ይላታል።

ያን ቀን ሰማዩ ከጠዋቱ ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ወደ ከሰዓት ጉም ከዛፎቹ መሃል እየተንከባለለ ወጥቶ የመኪናውን አፍንጫ ሸፈነው። ከላይ፣ ከተራራው ወገን፣ ነጎድጓድ ይሰማል። ማኅበርተኞቹ ከሰዓታቸው ቀድመው መውጣት ጀመሩ፤ ሁለት ሆነው፣ ሦስት ሆነው፣ ርሰው፣ እየሳቁ። ጋሼ እህም በሩ ላይ ቆመ። አስገባ፣ አስገባ። የመጨረሻው የጫማ ቤቱ ባለቤት ነበር። ከሱ ኋላ ጉም ብቻ ነው ያለው።

"ልጄስ?" አለ።

ሲስተር ወንበሮቹን ዞር ብላ አየች። "ከፊት ከነአይሞቴ ጋር አልነበረችም እንዴ?"

"እኛ ደግሞ ከኋላ ከእናንተ ጋር ያለች መስሎን ነበር" አለ አይሞቴ። ወዲያው ግን ድምፁን አስተካከለ። "ጋሼ፣ አይስጉ። ጫማዋን ልታስር ቀርታ ይሆናል። ብትጠፋም ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች፣ ስንቴ ነግሬያታለሁ።"

ጋሼ እህም የቀረውን ሁሉ ባይሰማ እንኳ ይህችን ሰምቷታል። ስንቴ ነግሬያታለሁ። ስልኳን ሞከረ፣ ጫካው ውስጥ ግን መስመር የለም። ዘሎ ገብቶ የመኪናውን ጥሩንባ ተጫነው። ረጅም፣ እንደገና ረጅም። ሁሉም አዳመጠ። ከጉሙ ውስጥ የመጣ ነገር የለም፤ ከሩቅ የውሃ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ እሱም ከጠዋቱ ይልቅ ወፍሯል።

ወርዶ አይሞቴ ፊት ቆመ።

"ዋሻው የት ጋ ነው?"

"የቱ ዋሻ?"

"ያደርክበት።"

አንድ ሁለቱ ከልማድ ፈገግ ሊሉ ዳዳቸውና ተዉት።

"አለ ወይስ የለም? ልጄ እሱን ፍለጋ ነው የወረደችው። አለ ወይስ የለም?"

"ፏፏቴ አለ" አለ አይሞቴ። "ከላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከጀርባው ጥቁር ነገር ይታያል… ዋሻ ይመስላል።"

"ገብተህበታል?"

"አልገባሁም።" ፊቱ አመድ መሰለ። "መንገድ ዳር ነው የተገኘሁት፣ ጋሼ። ፈርቼ ከመንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። አለቀስኩም። እንጨት የጫነ መኪና አየኝና አነሳኝ፣ ሹፌሩ ቤት አደርኩ፤ ጠዋት መልሶ ጫካው አፍ ላይ አወረደኝ።"

ሰውየውን ያዳነው አንድ ነገር ቢኖር ቁጭ ማለቱ ነበር። እሱን ግን አንድ እሁድ እንኳ አልነገራቸውም፤ አያምርማ። ልጅቷ የጠቀማትን ሳትሰማ፣ የሚገድላትን በቃሏ ይዛ ነው የገባችው።

ጋሼ እህም ከጣሪያው ላይ የሻንጣ ማሰሪያውን ገመድ ፈታ። ጥሩንባውን ለሲስተር አስረከባት፤ "እጅሽን እንዳታነሺ፣ መመለሻችን እሱ ነው" አላት። ከዚያ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የመኪናውን ጥላ አልፎ ጫካው ውስጥ ገባ። አይሞቴ ሳይጠራ ተከተለው።

ፈራ። ይህን ማድበስበስ አያስፈልግም። ጥርሱ ተንገጫገጨ፣ ቅጠል ፊቱን ሲነካው ጮኸ። እያንዳንዱ ጥቁር ግንድ አውሬ ሆነበት። ሁለት ጊዜ ዞሮ ሊሮጥ ቃጣው። እናቷ በር ላይ ክንዱን የያዘችበት ቦታ ግን እስካሁን የተያዘ ይመስለዋል። "ምን እላታለሁ?" ይላል በየእርምጃው። "ምን ብዬ ነው ደጁን የምከፍተው?" መሬቱ እየተዳፋ ሄደ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ የውሃው ጩኸት ጥሩንባውን እየዋጠው መጣ። ታች ሲደርሱ የሲስተር ጥሩንባ ጭራሽ አይሰማም። መሽቷል ሊባል አይቻልም፣ ግን ገደሉ ውስጥ ብርሃኑ አልቋል።

ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍ እየጎተተ፣ ይወርዳል። ፏፏቴውም አለ፣ ከጀርባው ያለው ጥቁር ነገርም አለ። ጥቁሩ ነገር ርጥብ አለት ነው። ዋሻ አይደለም፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ልጅቷ ከዚያ አለት ሥር፣ ውሃው መሃል በቀረች አንዲት ድንጋይ ላይ፣ ጀርባዋን ለጥፋ ቆማለች። ውሃው ጫማዋን እየላሰ ነው። አፏ ይከፈታል ይዘጋል፤ እየጮኸች ነው፣ ግን ድምፅ የለም።

አይሞቴ እግሩ መሬት ላይ ተተከለ። "አልችልም ጋሼ" አለ። "ወላሂ አልችልም።"

"ገመዱንስ ትችላለህ?"

"እሱን እችላለሁ።"

ገመዱን ዛፍ ላይ ጠመጠሙት፣ ሌላውን ጫፍ ጋሼ እህም ወገቡ ላይ አሰረ። ዋና አይችልም። ውሃው ውስጥ ሲገባ ቅዝቃዜው ትንፋሹን ነጠቀው፣ እናቱን ጠራ። ከዚያ የሚያውቀውን ብቸኛ ነገር አደረገ። ፍሬን እንደሚሞክረው፣ ድንጋዩን በእግሩ ነካ፣ ተጫነ፣ እግሩን መለሰ፣ እንደገና ተጫነ፣ ያኔ ብቻ ረገጠ። ቀጥሎም እንዲሁ። ደፋር ሰው ቢሆን ዘሎ ይገባ ነበር፣ ውሃውም ይወስደው ነበር። ውሃው ጭኑ ድረስ መጣ፣ ከዚያ አላለፈም። ደርሶ የልጁን አንጓ ሲይዝ እጇ ከድንጋዩ ይበልጥ ይበርዳል። ሲመለሱ አንዴ አዳለጣቸው፣ ሁለቱም ውሃው ውስጥ ተንበረከኩ፣ ገመዱ ተወጠረ። አይሞቴ መዳፉ እየተላጠ አልለቀቀም። ይህም ይነገርለት።

ዳር ሲወጡ ጋሼ እህም ጃኬቱን አልብሷት፣ ደረቱ ላይ ለጥፎ ያዛት። ሁለቱም ይንዘፈዘፋሉ።

"ዋሻ የለም፣ አባዬ። ፈለግኩ፣ ፈለግኩ። የለም።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ራሷን ከደረቱ ላይ አነሳች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

"ታውቅ ነበር?"

የጃኬቱን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈላት።

"እኔ እኮ ስለ አይሞቴ ብዬ አይደለም የወረድኩት" አለች። "እሱማ ወሬ እንደሚያሳምር አውቃለሁ። አንተን ነው ያየሁት። በመስተዋት አየሁህ፣ እህም አላልክም። ለምን አላልክም?"

ስለ ሥራው፣ ስለ ትልቁ አውቶቡስ፣ ትከሻውን ስላቀፈው እጅ ሊነግራት ይችል ነበር። ሁሉም አፉ ላይ ሲደርስ አነሰበት። ያ ሁሉ ጫካና ውሃ ያላስለቀሰው ሰው እዚያ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷም እንባውን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገችለት፤ ጥያቄዋን ግን መልሳ አልወሰደችም።

ከውሃው ጩኸት ሲርቁ ጥሩንባው እንደገና ተሰማ፤ በሱ ተመርተው ወጡ። ሲስተር ጣቷ ደንዝዞ፣ ክርኗን ጥሩንባው ላይ ጥላ ነበር ያገኟት። ልጅቷን አገላብጣ አየች፣ ደረቅ ልብስ ከየሻንጣው ተሰብስቦ ለበሰች፣ ሻይ ጠጣች። አይሞቴ መዳፉ በፋሻ ታሽጎ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ጋሼ እህም ወርዶ ጎማዎቹን መታ፣ ፍሬኑን ሁለቴ ረገጠ። ማንም አልቀለደበትም።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ የጫማ ቤቱ ባለቤት "እንዴት ነው ያወጣችኋት ግን?" አለ። የመኪናው ሙቀት አለ፣ የተረፈ ሰው ደስታ አለ፤ አይሞቴንም ልማዱ ያዘው። በሙሉ ልቡ ነበር የተናገረው፣ ለውለታም ብሎ።

"ጋሼን ብታዩዋቸው! ውሃው እስከ አንገታቸው ደርሷል፤ ግንድ የሚያህል ነገር እየመጣ ነው። እሳቸው ምንም አልፈሩ። ዘለው ገቡ እኮ! በአንድ እጅ ግንዱን ገፍትረው…"

"ወይ ጋሼ!" አለ አንዱ። ሌላው አጨበጨበ። በዕድሜው ሙሉ ማንም ጀግና ብሎት አያውቅም። ደረቱ ላይ ሙቀት ተሰማው፣ ወደደው፣ ውሃው እውነትም አንገቱ ድረስ የደረሰ መሰለው። አንድ ኩርባ ዝም ብሎ አዳመጠ።

ከዚያ ዓይኑ መስተዋቱ ላይ ዐረፈ። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሰው ሹራብ ተጠቅልላ፣ ልጁ ነቅታለች። አይሞቴን አታይም፣ አጨብጫቢዎቹን አታይም። የአባቷን ጉሮሮ ነው የምታየው።

እጁ ማርሹ ላይ ነበር። አነሳው።

"እህም" አለ።

ማንም አልሳቀም። አይሞቴ የታሸገ መዳፉን አይቶ፣ "እሺ" አለ በቀስታ፣ "ጭናቸው ድረስ ነበር። ደግሞ ፈርተው ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር።" ድልድዩን አለፉ፣ የወረደ የለም። ጋሼ እህም እንደገና ወደ መስተዋቱ ሲያይ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እስከ ቤት ድረስም አልነቃችም።